ደም የተቃቡ ቤተሰቦች

1

ካገኘቻቸው መጻሕፍት ያጣቻቸው ይበልጡ ነበር።

ማስተዋል የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ ደም ስለተቃቡ ቤተሰቦች ነው፤ ሰው ተገድሎባቸው ገዳይ ስለሚፈልጉ፣ ሰው ገድለው አገር ስለሚለቁ። አማካሪዋ ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጠች ሲጠይቋት «እንዲሁ ስለወደድኩት» አለች።

2

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አይጠፉም። የምትፈልገውን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተነሡና ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት መጻሕፍት አወጡላት፤ አንዱ ስለ ሽምግልና፣ አንዱ ስለ ዘር ቆጠራ። እሳቸውም ሲያነቧቸው የከረሙት እነዚህኑ ነው።

ደስ አላት።

3

ሽማግሌው፦ የማን ልጅ ነሽ?

ማስተዋል፦ የይርዳው ጓንጉል።

ሽማግሌው፦ አገሩ?

ማስተዋል፦ ጉንድ ወይራ፣ ከዓባይ ማዶ። እኔ እንኳ አላውቀውም፤ ስንወጣ ሕፃን ነበርኩ።

ሽማግሌው፦ አለ?

ማስተዋል፦ አለ፤ ደህና ነው።

ሽማግሌው፦ እግዜር ይመስገን።

አንባቢ ሆይ፣ የመጨረሻዋን መልስ በወደድከው ድምፅ አንብባት። ማስተዋል የሰማቻት እንደ ምርቃት ነው። ሰፈራቸውን ሲጠይቋትም የአባቷን የእንጨት ሥራ ቤት ሳይቀር በምልክት ነገረቻቸው።

4

እራት ላይ ስታወራ አባቷ መብላቱን አቆመ።

«ስሙን ጠየቅሽው?»

አልጠየቀችም።

መልካቸውን ጠየቃት። ግራ ጆሯቸው ጫፉ የተቆረጠ መሆኑን ስትነግረው እናቷ ተነሥታ በሩን ቆለፈች።

«የምታጠኚው እኮ እኛን ነው» አላት አባቷ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። በድንበር ተጣልተው የሽማግሌውን ታናሽ ወንድም የገደለው እሱ ነው። እሷን አዝለው አገር የለቀቁትም ለዚያ ነው። ማስተዋል ዛሬውኑ እንሂድ ብላ ለመነችው፤ እናቷም አለቀሰች። እሱ ግን መሸሽ እንደታከተው፣ ከእንግዲህም ወዴትም እንደማይሄድ ነገራቸው።

5

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሽማግሌው እግር ላይ ወድቃ ልትለምናቸው ነው። ምን እንደምትል መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነበር የመጣችው።

አልመጡም።

ጥበቃውን ጠየቀችው። ትናንት ሲወጡ ወደ እነማስተዋል ሰፈር የሚሄደው ታክሲ ከየት እንደሚያዝ ጠይቀውት ነበር።

6

ቤት ደወለች፤ ስልኩን ያነሣችው እናቷ ናት።

እናት፦ መጥተዋል።

ማስተዋል፦ አባዬስ?

እናት፦ በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ከጓሮ ድንጋይ አምጥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ይቅር በለኝ እያለ ደጁ ላይ ተንበርክኳል።

ማስተዋል፦ እሳቸውስ? ምን አሉ?

እናት፦ ቆመው ያዩታል።

ማስተዋል፦ እማዬ።

እናት፦ ቆይ... ወደሱ እየሄዱ ነው። እጃቸውን አነሡ፣ እጃቸው...

7

አንባቢ ሆይ፣ ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርደውለት ይሁን በድንጋዩ መትተውት፣ ይህችን ክፍል አንተው ጻፋት።