ከላይ የማን ስም ይግባ

ኢልሀም የስልኳን የመልእክት ድምፅ በሰማች ቁጥር ጥርሷን መንከስ ከጀመረች ሰንብታለች። ዊንጌት አካባቢ ባለችው የጋሽ ስብሐት ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ሆና ስትቀጠር፣ ሥራሽ ከኮምፒውተር ጋር ነው ተብላ ነበር። ውሸት ነው። ሥራው ከሰው ጋር ነው፤ ያውም «ትንሽ ነገር ብቻ ናት» ከሚል ሰው ጋር።

የሰሞኑ ጣጣ የመጣው ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ከሚሸጠው «ኑር የባህል ልብስ» ነው። ሱቁ ቢዝነስ ካርድ ፈለገ። ይፈልግ። ሎጎ ላኩልኝ አለቻቸው፤ የሱቁን ታፔላ ከመንገድ ማዶ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩ። ታፔላው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል፣ ከሥሩ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። ሰፋ አድርጋ ብታየው ፊደሉ ሁሉ ደብዝዟል። «ይሄ ለህትመት አይሆንም፣ ዋናውን ፋይል ላኩ» ብትል ያንኑ ፎቶ ስክሪንሾት አድርገው ደገሙላት። ምን ታድርግ፣ ሎጎውን ከባዶ ተነስታ ሳለችው።

ከዚያ ጥለቱ መጣ። በካርዱ ዙሪያ ጥለት ይዙርልን አሉ፣ ልክ ጠርዙ ላይ። ካርድ ተደራርቦ ሲቆረጥ መቁረጫው ትንሽ ዘንበል ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥለቱ ከጠርዙ አልፎ ትርፍ ሊኖረው፣ ጽሑፉም ወደ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ይህን ብታስረዳ «ጥለታችንን ልትቆርጪብን ነው እንዴ?» የሚል መልስ ደረሳት። ተከራክራ ተከራክራ ይህንንም አለፈችው።

ያላለፈችው የስሞቹን ነገር ነው። ሱቁ የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ የታላቁ የሸፊና የታናሹ የኢምራን። ጠዋት «የሸፊ ስም ከላይ ይሁን» የሚል መልእክት ይመጣል። አስተካክላ ትልካለች። ከሰዓት ከዚያው ከሱቁ ስልክ «ስህተት አለው፣ የኢምራን ከላይ ይሁን፣ ጎላም ይበል» ይላል። ታስተካክላለች። በማግስቱ ተመልሶ ሸፊ። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ብታደርጋቸው «የግራው ወደ ቀኝ ይዙር» አሏት። ኮምፒውተሯ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «አላህ ያውቃል» የሚባሉ ፋይሎች ተደርድረዋል።

ለኢልሀም ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንድማማቾቹ ተጣልተዋል፤ አንዱ ስልኩን ባስቀመጠ ቁጥር ሌላው አንስቶ የራሱን ስም ሽቅብ ይሰቅላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ መዳፍ በማትሞላ ወረቀት! እሷ አፈረችላቸው።

ጋሽ ስብሐት ደግሞ ደንበኛ ናሙናው ላይ ካልፈረመ ፋይል የማተሚያው ሰሌዳ ወደሚቀረጽበት ፕሌት ቤት አይልኩም። ዛሬ ጠዋት መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ።

«ስሚ ልጄ» አሉ፣ «ሰዎቹ ቅዳሜ ባዛር አላቸው። ፕሌት ቤቱ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይሄ ካርድ ተፈርሞ ዛሬ ካልሄደ ነገ አትምጪ። ከፍቶኝ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው።»

ጮኸው ቢናገሯት ይሻላት ነበር። ቤታቸው ውስጥ ደሞዝ የምታመጣው እሷ ብቻ ናት፤ ይህን ሥራ ለማግኘትም ያልረገጠችው ደጅ የለም።

ሁለት ናሙና አተመች፤ አንዱ ሸፊ ከላይ ያለበት፣ አንዱ ኢምራን። ታክሲ ውስጥ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ የምትናገረውን ስትለማመድ ሄደች። «እናንተ ስትጣሉ እኔ ምን በወጣኝ!» የሚለው በተለይ ደስ አላት።

ሱቁ ስትደርስ ሸፊ ጋቢ እያጠፉ፣ ኢምራን መሰላል ላይ ቆሞ ነጠላ እየሰቀለ ይሳሳቃሉ። የተጣላ ሰው አይመስሉም። ይህ ይበልጥ አናደዳት።

«አሰላሙ አለይኩም። አንዱን መርጣችሁ ፈርሙልኝ» ብላ ናሙናዎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

ሸፊ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይሄ እኮ የኔ ስም ከላይ ነው። ማን አለሽ?»

«እናንተ ናችኋ! በዚሁ ስልክ!»

«እኔ የላክሁት የኢምራን ከላይ እንዲሆን ነው።»

ኢምራን ከመሰላሉ ዱብ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ የምታስቀይራት? እኔ ደግሞ ልጅቷ እየተሳሳተች መስሎኝ ስንቴ አሳረምኳት! ታላቄ አንተ እያለህ የኔ ስም ከላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን አገባው! ታምሜ ስተኛ ትምህርትህን ጥለህ ሱቁን ያቆየኸው አንተ አይደለህም? ስምህን ከሥሬ አድርጌ ካርድ ስሰጥ አፍራለሁ፣ ኢምራን።»

«ሱቁን የከፈትከው አንተ ነህ።»

«ሳይዘጋ ያቆየኸው አንተ ነህ።»

ጠብ ቢሆን ኖሮ ትገላግል ነበር። ለዚህ ምን ይደረጋል? ብዕሯን ለሸፊ ሰጠች። ሸፊ ለኢምራን አሳለፉት። ኢምራን በሁለት እጁ ተቀብሎ መልሶ ለሸፊ አቀረበው። ኢልሀም ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።

«በቃ!» ብላ ባንኮኒውን መታች። «ተከባበሩ፣ እሺ፣ ደስ ይላል! እኔ ግን ይሄ ወረቀት ዛሬ ካልተፈረመ ነገ አትምጪ ተብያለሁ። ቤት ውስጥ የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ስም ከላይ፣ አንድ ስም ከታች፤ ለዚህ ብዬ ከሥራዬ ልባረር?»

ሸፊ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለካ የምንግደረደረው በሰው እንጀራ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። የራሳቸው ስም ከላይ ያለበትን ናሙና ሳቡና፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ፈረሙ።

ኢልሀም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቀና ስትል፣ ኢምራን ከባንኮኒው ማዶ አቀርቅሯል። ከኪሱ ብዕር አውጥቶ፣ በሌላኛው ናሙና ላይ፣ የራሱ ስም ከላይ ባለበት ላይ፣ ፈርሞ ጨርሷል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ሸፊ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ኢልሀም ሁለቱንም ወረቀት ላፍ አድርጋ ወደ ታክሲ ሮጠች።

ኮምፒውተሯ ጋ እንደደረሰች ፋይሉን ከፈተች። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ካርድ ጎን ለጎን ተደርድሮ ነው የሚታተመው። ግማሹን የሸፊን ስም ከላይ አደረገች፣ ግማሹን የኢምራንን። ጋሽ ስብሐት ወረቀቶቹን እያገላበጡ «ሁለት ፊርማ?» አሉ። «ሁለት» አለች። ፋይሉ ሄደ።

ቅዳሜ ባዛሩ ጋ ጎራ አለች። ካርዶቹ በሁለት ተከፍለው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ሸፊ ኢምራን ዞር እስኪል ጠብቀው፣ የኢምራን ስም ከላይ ያለበትን ለአንዲት ገዢ አቀበሉ። ከጠረጴዛው ጫፍ ኢምራን ጀርባውን ለወንድሙ ሰጥቶ የሸፊ ስም ከላይ ያለበትን ያድላል።