ጥርስ የሚያነጣው ወንበር

ኢሞጂን ታልበርት ጠዋት ተነስታ በረንዳዋ ላይ የረገፈውን የጥድ ቅጠል ጠረገች። እንቁላል ቀቅላ በላች። የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት እስከ ግማሽ ሞልታ ተወችው። ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኗ የምእመናኑ ፎቶ ለሚታተምበት መጽሐፍ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነሱት ፎቶ ነው። ዘንድሮ ብቻዋን ትነሳለች። ገጹን የሚገልጥ ሰው ከንፈር እንዲመጥላት አልፈለገችም። ደህና መስላ መታየት ነበረባት።

ጥርሷን ለማስነጣት ወደ ገበያ ማዕከሉ ስትነዳ ግን ሌላም ነገር ይገፋፋት ነበር። ሟቹ ባሏ ሮስኮ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ በክፍለ ግዛቱ የጥርስ ሐኪሞች ቦርድም አባል ነበር። ሐኪም ሳይሆኑ በየገበያው ወንበር ዘርግተው ጥርስ የሚያነጡትን ለማዘጋት ዓመታት ሲሟገት ኖሮ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት «ተፎካካሪያችሁን ራሳችሁ ልትዘጉ አትችሉም» ብሎ መለሳቸው። ያን ሰሞን እራት የሚበላው ግድግዳው ላይ እያፈጠጠ ነበር። ከወንበሮቹ አንዱን እንኳ ሄዶ አላየም። እሷም አላየች። ምን ይመስሉ ይሆን?

ወንበሩ በስልክ ሽፋን ሻጭና በትኩስ ዳቦ ቤት መካከል ተቀምጧል። ሼልቢ የምትባል ወጣት ሰማያዊ መብራት እየወለወለች ነበር። ኢሞጂን ስሟን ነገረቻት።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ኢሞጂን። ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት?»

«ሁሉም የራሴ ነው» አለች፣ ኮራ ብላ።

ሼልቢ ጄል የተቀባ የጥርስ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ አቀበለቻት። «እንኩ፣ ያስገቡት።»

«አንቺ አታስገቢልኝም?»

«እጄ አፍዎ ውስጥ ከገባ ሕክምና ሆነ ይሉና ይከሱኛል። እኔ መስታወት ያዥ ነኝ።»

«አይተሽ ብቻ ብትነግሪኝስ?»

«ማየትም ምርመራ ነው አሉ። እኔ የማየው ጣሪያውን ነው።» አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን አየች። ኢሞጂን ሳቀች።

«ቤቴ ወስጄ ለራሴ ባደርገውስ?»

«ቤትዎማ ማን ይናገርዎታል? መድኃኒት ቤት ይሸጥ የለ! ሕጉ የሚፈራው የእኔን ጣት ነው።»

«ማን አመጣው ይህን?»

«ሐኪሞቹ ናቸዋ! አክስቴን እኮ ወንበሯን አዘግተዋታል። ከሁሉም የባሰ አንድ ሽማግሌ ነበር አለች፣ እስካሁን ስታነሳው ትራገማለች።»

ኢሞጂን የሽማግሌውን ስም አልጠየቀችም። ጄሉ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀች።

«ፐርኦክሳይድ።»

ኢሞጂን ጡረታ እስክትወጣ ኬሚስትሪ አስተምራለች። ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚደፍቀው ያው ነው፤ የሻይና የቡናውን ቀለም ይሰባብረዋል። መብራቱስ ምን ይጨምራል? ምንም ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለሮስኮ ብትነግረው እራቱን ትቶ ይከራከራት ነበር። ፕላስቲኩን ነክሳ ጠበቀች።

መጨረሻ ላይ ሼልቢ መስታወቱን አቀረበችላት፤ ራሷም ጣሪያውን ረስታ አየች።

«ወይ ጉድ! ወይዘሮ ኢሞጂን፣ ያ ጥርስ የእርስዎ አይደለም!»

ጥርሶቿ ነጥተዋል። አንዱ የፊት ጥርሷ ብቻ እንደ ጠዋቱ ቢጫ ነው። ያኔ ትዝ አላት። ገና ወጣት ሳሉ የኮክ ፍሬ ነክሳ ጥርሷ ተሰብሮ፣ ሮስኮ ሽፋን ሠራላት። ለሌላ ባለሙያ አልሰጠውም፤ ከሌሎቹ ጥርሶቿ ጋር እስኪመሳሰል ቀለሙን ደጋግሞ ራሱ ቀላቀለው።

«ታዲያ ለምን የለኝም አሉኝ?»

«ረስቼው ነው።»

«ጥርስ ይረሳል እንዴ?»

«በደንብ ከተሠራ ይረሳል፣ የኔ ልጅ።»

ሐሙስ ዕለት የሮስኮን ክሊኒክ ወደገዛችው ወጣት ሐኪም ወደ ማቲስ ሄደች። ማቲስ ጥርሷን አይታ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

«ዶክተር ሮስኮ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«አላልኳችሁም ወይ ይል ነበር። ለሳምንት ደስ ብሎት ይከርም ነበር።»

ማቲስም ሳቀች። «ሽፋን አይነጣም፣ ወይዘሮ ታልበርት። ሌሎቹ ወደ ቀለማቸው እስኪመለሱ ወራት ይጠብቃሉ፤ አለዚያ ሽፋኑን እንቀይራለን። ማሽናችን ዛሬውኑ አዲስ ይሠራል።»

«የድሮው ሳይሰበር ይወጣል?»

«አይወጣም። እሳቸው የለጠፉት ካልቆረጡት አይለቅም።»

ኢሞጂን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እንዲሁ ብትነሳ የፎቶውን መጽሐፍ የሚያይ ሁሉ ጥርሷን ይጠይቃታል። እሷም ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራው ልትናገር ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው መሀል። ያንን ሳታለቅስ አትችለውም።

«ቁረጪው» አለች። «መስታወት ግን ስጪኝ፤ ልየው።»

አየችው። ሽፋኑ ከውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነበር። ስብርባሪው ከውኃው ጋር በመምጠጫው ቱቦ ሄደ።

ቅዳሜ ፎቶ አንሺው «ፈገግ ይበሉ!» አላት፤ ፈገግ አለች። ሁሉም ጥርሶቿ እኩል ነጭ ናቸው። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ሮስኮ የሠራላት ጥርስ የለም።