ምንም አይልም

ኃላፊው አቶ ይኸነው እንደሚሉት፣ ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ከገባለት ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ ረክቷል። የካርድ ክፍሏ እትዬ ዋጋዬ እንደሚሉት ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ሲኖር ወንድም ነው፤ ሲጠፋ በሽተኛ አሰልፎ የሚሄድ ባዳ።

እርካታውን እንዲለካ የተመደበው የጤና ጣቢያው መረጃ ሠራተኛ ደርበው ነበር። «ረክተዋል» ብሎ ካቀረበ የወረቀት ካርዶቹ ሰኞ ይቃጠላሉ፤ «አልረኩም» ካለ ኮምፒውተሮቹ ተነቅለው ወደ አዘና ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። መጠይቁን ሲሰበስብ ግን ብዙው ሰው ሁለቱንም ትቶ ዳር ላይ «ምንም አይልም» ብሎ ጽፏል። ደርበውም ሁሉንም ከረኩት ጋር ደመራቸው።

ውጤቱን በሚያቀርብበት ዕለት ጠዋት እንጅባራን ጭጋግ ውጧት ባጃጆቹ በድምፃቸው ብቻ ያልፋሉ። ደርበው በመስኮት እያየ በሐሳብ ነጎደ። አጥሩ ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር ዛፉ አለም፣ የለምም። ጭጋጉ የሚጀምርበትን ቦታ በዓይኑ ቢፈልግ አጣው። ኮሌጅ ሳለ የተማረው ፈዚ ሎጂክ፣ እውነትን በድርሻ የሚለካው ስሌት፣ በሕልም እንደሚመጣ ነገር ቀስ ብሎ መጣለት፦ ሰው ጥቂት ረክቶ ጥቂት ቅር ሊለው ይችላል፤ ስሌቱ ለሁለቱም ድርሻ ይሰጣል። ተነሥቶ ወደ ካርድ ክፍል ሄደ።

«እትዬ ዋጋዬ፣ ‹ምንም አይልም› ሲሉ ረክተዋል ማለት ነው?»

«ሰው ቤት ገብተህ ወጡ ጨው ቢያንሰው ምን ትላለህ?»

«ምንም አይልም።»

«ጣፈጠህ ማለት ነው?»

ደርበው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ትናንት አንዲት ወላድ መጥታ ‹ሲስተም የለም› ብላት፣ ‹የት ሄደ?› አለችኝ። የደም ዓይነቷን የነገረን ከመደርደሪያው ያወጣሁት ካርድ ነው። ዛሬ ደግሞ ያው ኮምፒውተር ሳምንት የፈለግሁትን የበሽተኛ መረጃ በዓይን ጥቅሻ አገኘልኝ። እና ምን ልበልህ ልጄ?»

ደርበው ተመልሶ እያንዳንዱን «ምንም አይልም» ለሁለቱም ወገን እንደየድርሻው አካፈለና ለአቶ ይኸነው አቀረበ።

«አታድክመኝ» አሉት። «ሰው ወይ ጾሟል ወይ በልቷል።»

«ልጅ ሳለን እስከ ስድስት ሰዓት እንጾም አልነበር?»

አቶ ይኸነው ፈገግታቸውን ዋጡት። «ጤና ቢሮው አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው። ረክተዋል ልበል ወይስ አልረኩም?»

«ሁለቱንም አልጽፍም፣ አቶ ይኸነው» አለ ደርበው። «ኮምፒውተሩም ይቆይ፣ ካርዱም አይቃጠል ብዬ ነው የምፈርመው።»