«ቴክ»፣ ገጽ ዘጠና ሦስት

«አንሳው እንጂ! አንሳው!» ሲስተር ስልኩን ተቆጣችው። አምስተኛ ጥሪዋ ነው። ባሏ ዛሬ መጽሐፉን ሊያሳትም ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሀል እንዴት ይስማት? ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ አራቱን ወረቀቶች ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ለባልደረባዋ «መጣሁ» ብላ ከክሊኒኩ ወጣች። ታክሲ የለም። ቆሞ መጠበቅ አልሆነላትም፤ በእግሯ ቀጠለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰው አርፎ ጋዜጣውን እንደማንበብ መጽሐፍ ልጻፍ አለ። ይጻፍ፣ ማን ከለከለው! ግን «ቴክ» ስለምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ዘጠና ስድስት ገጽ! «መውሰድ ማለት አይደለችም እንዴ? አለቀ በቃ» ብትለው ቁጣው ለጉድ ነበር። መድኃኒት ሲዋጥ እሷ ናት፤ ፎቶ ሲነሱ እሷ ናት፤ ፈተና ሲፈተኑ፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ሥራ ጊዜ ሲፈጅ፣ ጫማ ሲያወልቁ ሳይቀር እሷው ናት። ተማሪው ሁሉ «ወሰደ» ብቻ እያለ ፈተና ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው አላት።

ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ማረሚያውን የምታነብለት ሲስተር ሆነች። ምሳሌዎቹን ከየት እንደሚያመጣ ያወቀችው ያኔ ነው። ከገዛ ቤቱ! «ባለቤቴ ለመልበስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል» ይላል ገጽ አሥራ አራት። ሳቀችና አለፈችው። «አማቴ ፎቶ ስትነሳ ዓይኗን ትጨፍን ነበር» ይላል ሌላው። እናቷን ነፍሷን ይማርና፣ እውነት ነው፤ እሱንም አለፈችው።

ዛሬ ጠዋት ግን የቀሩትን አራት ገጾች በሁለት በሽተኛ መሀል ስታገላብጥ ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ ደረሰች። ርእሱ «ቁጥር አርባ አንድ፦ መቻል» ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ምሳሌው ተቀምጧል፦ «ወንድሟ የእናታቸውን ቤት ወሰደ። እሷም ዝም ብላ ቻለችው።»

«ጉድ!» አለች መንገድ ስታቋርጥ፣ ጮክ ብላ። አንድ ሹፌር ክላክሱን አንባረቀባት፤ አልሰማችውም። የዛሬ ሰባት ዓመት እናቷ ስትሞት ታላቅ ወንድሟ «ራሴን እስክችል ልቀመጥበት» ብሎ ቤቱ ገባ። ራሱን ቻለ፤ የቤቱን ካርታም በስሙ አዞረ። ስድስት ዓመት ተኳረፉ። አምና ልጁ ስትታመም አክስት አይደለች፣ ሄዳ አስታመመች፤ የቤቱን ነገር ማንም ሳያነሳው ታረቁ። አሁን እሁድ እሁድ ይገናኛሉ። ያቺው ልጅ ደግሞ «የመጀመሪያው መጽሐፍ የኔ ነው» ብላ አስይዛለች! የገዛ አባቷን ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ ልታገኘው ነው።

ማተሚያ ቤቱ ስትደርስ ላቧ ይንጠባጠባል። አታሚው፣ ሽርጡ ቀለም የጠገበ ቀልደኛ ሰውዬ፣ ገና ሲያያት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ሲስተር! መርፌ ከሆነ እኔ ደህና ነኝ!»

አልሳቀችም። ወደ ባሏ ሄዳ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ይሄን አውጣው።»

ቲቸር ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ።

«ስም አልጠራሁም እኮ።»

«ስም! ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው የለ! ልጅቷስ ምን ትላለች? በስንት መከራ የታረቅነውን!»

«ምሳሌ ነው፣ እናትዬ።»

«ሌላ ምሳሌ ጠፋ?»

«ጠፋ» አለ። ሲቀልድ አልነበረም። «ለዚች ትርጉም ወር ሙሉ ምሳሌ ፈለግኩ። መጽሐፍ ላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። ሰው ሲችል ያየሁት አንቺን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አፍሽን ከፍተሽ ‹ድርሻዬስ?› ብለሽዋል? እና ምን ልጻፍ?»

ሲስተር ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። ያናደዳት መጻፉ ይሁን እውነት መሆኑ ለራሷም አልለይ አላት። ፊቷ ጋለ፤ አፈረች።

«በሉ ጠቡን ቤት ጨርሱት» አለ አታሚው። «ማውጣቱን አወጣዋለሁ፤ ግን ባዶ አልተወውም። ገጹ ከተንሸራተተ ማውጫው ሁሉ ይበላሽብኛል። በልኩ ሌላ አምጡልኝ። አሥር ደቂቃ!»

ሲስተር በወረቀት ክምሮቹ መሀል ወዲያ ወዲህ አለች። ተቀመጠች፤ ተነሳች። ድንገት «በሽተኛው ሕመሙን ዝም ብሎ ቻለው» አለች።

«ይሄውልሽ!» ቲቸር እጁን አጨበጨበ። «ልክ ነው፤ አሪፍ ነው! ምን ነበር እስካሁን!»

እስክሪብቶ ሰጧት። ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች፤ እጇ ግን አልጻፈም። በሽተኛውም ያው እሷው ነው፤ ዝም ብሎ መቻል።

«‹ወንድሟ ቤቱን ወሰደ› የሚለው እንግሊዝኛው ትክክል ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው ይቆይ። ሁለተኛዋን ብቻ እንቀይር። ‹እሷም ልታስመልሰው ነው› በዚችው ግሥ ይባላል?»

«በደንብ! ገጽ ሰባ ሁለት ላይ...» አስተማሪነቱ ቀድሞት ጀመረና ነገሩ ሲገባው አቆመ። «እንዴ! ርእሱ እኮ መቻል ነው። ምሳሌው አይሄድም!»

«ርእሱንም ቀይረዋ።»

«መቻልን የት ላድርገው? መጽሐፉ ጎዶሎ ሊሆን ነው። ተማሪዎቹ...»

«ይቅርባቸው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ተማሪ ስህተት አሳልፎ የማያውቅ ሰው፣ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ «መቻል» የሚለውን ራሱ ሰርዞ በቦታው «ማስመለስ» ብሎ ጻፈ። አታሚው በማስመሪያ ለካና «ሁለት ፊደል ትበልጣለች፣ ግዴለም፣ ትገባለች» አለ።

ሲስተር ጩኸቱን ሸሽታ ደጅ ወጣች። ልጁ ከመጽሐፍ አንብባ ከምትነግረው፣ ከእህቱ አፍ ይስማው። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ» አለችው «እሁድን አልጠብቅም፤ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። የቤቱን ካርታ አውጥተህ ጠብቀኝ።»