የወለሉ ቀዳዳ

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ተወትፏል!» አለ ጠጋኙ ከአውቶቡሱ ሥር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር።

ሚስትየው ከውስጥ ሆና ሰማችውና የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል። የተጠረገውን ትጠርጋለች፤ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ፈትታ ታጥፋለች። አልጋ፣ ምድጃና ማጠቢያ ተጠጋግተው በተሰደሩበት በዚህ ቤት ደግሞ መንቆራጠጫ ቦታ የለም፤ ትንሽ ፈቀቅ ካሉ ግድግዳ ነው።

ቤቱ አውቶቡስ ነው። ባሏ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያመላልስበት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ገዛውና ወንበሮቹን ነቅሎ ቤት አደረገው። ልጆቻቸው «አብዷል» ቢሉም፣ ሁለቱ ደስ ወዳላቸው እየነዱ፣ በደከማቸው ቦታ እያቆሙ መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ደልቷቸው አያውቅም። ዘንድሮ ግን ብርዱ ሲገባ ሰውዬውን ጠዋት ጠዋት ራሱን ይፈልጠው፣ ያዞረውና ያቅለሸልሸው ጀመር። በቀደም ዕለት መሪ እንደጨበጠ ዓይኑ ብዥ ሲልበት ዳር ይዞ አቆመና «በቃ፣ አርጅቻለሁ። ሰው ሳልጨርስ ልሽጠው» አለ። እሷ ተደብቃ አለቀሰች። የራሷን ራስ ምታት ከሐሳብ ነው ብላ ዝም አለችው።

ዛሬ ገዢው ሊመጣ ነው። ጠጋኙም የተጠራው ገዢው «የጋዝ ማሞቂያው ይታይልኝ» ስላለ ነው።

የተወተፈውን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ከማሞቂያው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ ባሏ አየር እንዲያስገባ ብሎ የተወው ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ። የጣሪያውን መስኮት ዝናብ ሲያስገባበት ራሱ ዘግቶታል፤ የቀረው ይኸው ቀዳዳ ነበር። እሷ ደግሞ ከነፋስ ጋር ዓይንና ናጫ ናት። ከባሏ ጋርም የተዋወቁት በዚሁ ጠብ ነው። ተሳፍራ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ስትዘጋ፣ በመስታወት እያያት «እመቤት፣ ክፈቺው፤ ሰው ታፈነ» አላት። «ብርድ ቢመታኝ አንተ ታሳክመኛለህ?» ብትለው «አሳክማለሁ» አለ። አገባትም።

ታዲያ ዘንድሮ የቀዳዳው ብርድ ትከሻዋን ሲወጋት፣ እሱ ውሃ ሊቀዳ እስኪወጣ ጠብቃ ክዳኑን አነሳችና እጇ የገባውን ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። ከዚያ በኋላ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛች መሰላችሁ!

ጠጋኙ የጨቀየ ጨርቅ አንጠልጥሎ ወጣ።

«ማሞቂያው ጤነኛ ነው፣ ጋሼ። እናንተ ግን መተንፈሻውን ዘግታችሁ ታቀጣጥሉታላችሁ። እሳት አየር ይበላል እኮ! አየር ሲያጣ ደግሞ መርዝ ነው የሚተፋው፤ ሽታ እንኳ የለውም። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው በዚያው የቀሩ ሰዎች አልሰማችሁም? ራሳችሁን አያማችሁም?»

ባልየው ጨርቁን ተቀብሎ ዘረጋው። እጅጌ አለው።

«ይሄ ሹራቤ አይደለም እንዴ?»

ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሲፈልገው የከረመው ግራጫ ሹራብ ነው። ሚስትየው በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትከሻዬን ሲወጋኝ ጊዜ… እኔ ነኝ የወተፍኩት። ልገድልህ ነበር!»

«ካሰጣሁበት ነፋስ ወሰደው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

«እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ልሸጠው ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን ልሸጠው ነው!» ይቆጣ ወይስ ይደሰት፣ እሱም አልለየለትም።

ጠጋኙ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ እትዬ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያችሁ። እኔም አየሩ ሲበከል የሚጮህ ደወል ገጥሜላችሁ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን ማሞቂያውን እንዳትነኩት።»

የባልየው ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው። እሱ ስልኩን ይዞ ሚስቱን አያት።

«ምን ልበለው? እዚህ ቤት የምንኖር ከሆነ ከእንግዲህ አየር ይገባል፤ ማታም ጭምር። ትችይዋለሽ?»

ሚስትየው ወደ ውስጥ ገባች። ከትራሷ በላይ ያለው መስኮት ቤቱ ቤት ከሆነ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም፤ መቀርቀሪያው ዝጓል። በሁለት እጇ ይዛ ታገለችው። ሲከፈት ነፋሱ አንገቷ ላይ አረፈና ሰውነቷ ተኮማተረ።

ወደ በሩ ተመልሳ ሹራቡን ከባሏ እጅ ወሰደች። አንዴ አራግፋ ከነጭቃው ለበሰችው። ከዚያ ሄዳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«በል አንሳው» አለችው፤ «አይሸጥም በለው።»