ማር ይዘው የመጡ ጠያቂዎች

ቡሬ ላይ የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የታመመው ምን ሆኖ እንደታመመ ማወቅ ግን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ እንዳለው የሚባለው ጎረቤታቸው ስኳሩ እግሩን አበላሽቶበት ቤት የዋለ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ወጉን ጠብቆ መጣ። አንዱ ማር በጣሳ፣ አንዱ ለስላሳ በሳጥን፣ አንዱ ብስኩት በፌስታል። ስኳር ያለበትን ሰው በስኳር ሊጠይቁ! ደግሞ እኮ ከልባቸው ነው። ያመጡትን ራስጌው ያስቀምጡና ሳይቀምስላቸው ላይሄዱ ቁጭ ብለው አፍ አፉን ያያሉ። ካልቀመሰ ይከፋቸዋል። የእነሱ ቅያሜ ከእግሩ ይበልጣል።

ሚስቱ ተናኜ ይህን ሁሉ ቆማ ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ጣሳውን እየተቀበለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ" እያለች ጓዳ ታስገባ ነበር። ጓዳው ሲሞላ ትዕግሥቷም ሞላ።

እንዳለው የበርበሬ ነጋዴ ነው። በደህናው ጊዜ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይገባ ነበር። "ስኳር አለብህ" የተባለ ዕለት እንኳ አላዘነም፤ የሀብታም በሽታ ነው ተብሎ የለ! መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ "እኔ እንግዲህ ስኳር አለብኝ" ሲል ሌላው ሰው መኪና ገዛሁ እንደሚለው ነበር። ኪኒኑን የሚውጠው ራሱን ሲያዞረው ብቻ ነው። ደህና ሆኖ ሳለ መድኃኒት መዋጥ በሽታን መጥራት ነው ባይ ነው። ተናኜ ብትለምነው "አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?" ይላታል። የጤና ሰዎች ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሲያስተምሩ ከፊት ቆሞ የሚያጨበጭበው እሱ ነው። አጨብጭቦ ሲያበቃ ቁርጥ ቤት ይገባል።

በአንድ የገበያ ቀን የጫማው ምስማር ሶሉን በስቶ እግሩ ገባ። እሱ ምስማሩን እንደ ተሸከመ ሲመዝን፣ ሲከራከር፣ ሲሳሳቅ ዋለ። አልተሰማውም። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል፤ እሱ ግን ይህን የሚያውቅበት ጊዜ መቼ አገኘ! ማታ ካልሲውን ስታወልቅለት ደም ያየችው ተናኜ ናት። ሐኪም ቤት እንሂድ አለችው። አላመመኝም አላት። ስላላመመው አልታመመም፤ የእሱ ሕክምና እንዲህ ነው። ሰው ያለውን ቅባት ሁሉ ሲቀባባ ሰንብቶ፣ ፍኖተ ሰላም የሄደው እግሩ ከሸተተ በኋላ ነው።

እዚያ የስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ሲስተር ሕሊና የምትባል ነርስ አለች። ፋሻውን ፈታ የአውራ ጣቱን ጥግ አየችው፤ ጠቁሯል። እንዳለው ስለ ንግዱ ሊያጫውታት ጀምሮ ነበር። አልሰማችውም። ዞር ብላ ለተናኜ ነገረቻት። መርፌው ጠዋትና ማታ ይወጋል፤ እግሩ በየቀኑ ይታጠባል፤ ጫማው ዝግ ይሁን፤ ጣፋጭ የሚባል ነገር በዓይኑም አይይ።

"እትዬ ተናኜ፣" አለቻት በመጨረሻ፣ "ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ ወደ ባሕር ዳር እንልካቸዋለን። ከዚያ በሁለት እግራቸው አይመለሱም።"

ተናኜ ገባት። እሱም የገባው መስሏት ነበር። ቡሬ መናኸሪያ ከመኪና እንደ ወረዱ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አንድ ለስላሳ ግዥልኝ አላት።

መርፌ መውጋቱን ተማረች። መጀመሪያ ፈራችው፣ ኋላ ለመደችው። ጎመኑን፣ ጨው ያነሰውን ሽሮ፣ እንጀራውን በልክ በልኩ ታቀርብለታለች። ጠያቂውንም በለሰለሰ አፍ ስታስረዳ ሰነበተች። "ውይ፣ ትንሽ ማር ምን ያደርገዋል? ማር እኮ መድኃኒት ነው" ይሏታል። ስኳር አይደለም፣ ማር ነው! ድንቄም መድኃኒት! የቡሬ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ሲያበቃ ሆስፒታሉን ለምን እንደ ሠሩት አልገባትም።

ይህ ሁሉ እትዬ ዓባይነሽ ከደምበጫ እስክትመጣ ነው። ዓባይነሽ የእንዳለው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ስለሆነች እንቢ አይላትም። ማር በባልዲ፣ ቅቤ በቅል አስጭና መጣችና አልጋው አጠገብ ሰፈረች። የመጀመሪያውን ቀን የምግቡን ክዳን ከፍታ አየችና ይህ ለእስረኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ወንድሟ መክሳቱን ለገባ ለወጣው ሁሉ አሳየች። እዚያ አገር የባል ቦርጭ የሚስት የምስክር ወረቀት ነው። የእንዳለው ቦርጭ ጎደለ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመናገር ማንም አልቸገረውም።

ከዚያ ጉርሻው መጣ። ዳቦውን ማር እየነከረች ወደ አፉ ታስጠጋለች። እሱ ተናኜን ሰረቅ አድርጎ ያያታል። እህቱ "ለእኔ ስትል" ትለዋለች። እሱም ለእሷ ሲል ይውጣል። ለሰው ሲሉ ስንቱ አልቋል! ተናኜ ጠዋት ጣቱን ወግታ በስኳር መለኪያዋ ብትለካው ማሽኑ ቁጥር መስጠት ተወ፤ ከልክ በላይ ሲሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለዓባይነሽ አሳየቻት። ዓባይነሽ መለኪያውን ገልብጣ አየችና ተበላሽቷል አለቻት።

ያን ጊዜ ተናኜ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። እግሩ ይቆረጣል አለቻት። ዓባይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያለቀሰችው ግን ለእግሩ አይደለም፤ ወንድሜ ላይ ታሟርታለች ብላ ነው። በዚያው ሳምንት ተናኜ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ የተደረደሩ ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶች አገኘች። እህቱም ጎረቤቱም በሌሉበት፣ ማንም ለእኔ ስትል ሳይለው፣ ብቻውን ተደብቆ የጠጣቸው ናቸው። ብትጠይቀው እንግዳ ያመጣው ሲጣል ነውር ነው አላት። ያን ቀን ጠላችው። ከልቧ ጠላችው። ጠልታውም ውሃውን ለብ አድርጋ፣ እግሩን ሳፋ ውስጥ አስገብታ አጠበችው።

በቀጠሮው ቀን መንገዱ ክፍት ነበርና ፍኖተ ሰላም ደረሱ። ጥቁሩ ሰፍቷል። ሲስተር ሕሊና አልተቆጣችም፤ ለተናኜ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ለውጥ ከሌለ የባሕር ዳሩን ወረቀት እንደምትጽፍ ነገረቻት። እንዳለው "እግዜር ያውቃል" አለ። እግዜርማ ያውቃል፤ ጠርሙሶቹንም ያውቃል።

በማግስቱ ተናኜ የዓባይነሽን ባልዲና ቅል አውጥታ፣ ጓዟን ሰብስባ፣ ራሷ ተሸክማ የደምበጫ መኪና ላይ ጫነችላት። ዓባይነሽ መናኸሪያው እስኪሰማ ረገመቻት። ተናኜ ቤቷ ተመልሳ የቆርቆሮውን በር በቁልፍ ጠረቀመችው።

ጉድ ፈላ! የታማሚ ቤት ተዘጋ! ጠያቂ ያንኳኳል። እሷ በጠባቡ ከፈት አድርጋ ትወጣለች፤ ስለ መምጣታችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ተኝቷል፣ ያመጣችሁትንም ይዛችሁ ግቡ ትላለች። ማር ይዞ መጥቶ ማሩን ይዞ መመለስ! እንዲህ ያለ ውርደት ቡሬ አይታ አታውቅም። ወሬው ከገበያው ቀድሞ ሞላ። ንብረቱን ልትወርስ ነው አሉ። በረሀብ እየገደለችው ነው አሉ። በመርፌ የምትሰጠው ሌላ ነገር ነው አሉ። አብረዋት ማኅበር የሚጠጡት ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት ፊታቸውን አዞሩ። ከእነሱ አንዷ እንኳ የእግሩ ጣት እንዴት ነው ብላ አልጠየቀችም።

እሱም ዝም አላለም። ገበያ ሙሉ ሰው የሚጣራበትን ድምፁን አውጥቶ በመስኮት ለአላፊ አግዳሚው "ኧረ ወገን የለኝም ወይ!" ይላል። ተናኜን ሰደባት፣ እናቷን ሰደበ፣ ዘሯን ቆጠረ። እሷ መርፌዋን ወግታ፣ እግሩን አጥባ፣ ጎመኑን አቅርባ ትወጣለች። አንዳንዴ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ትታጠብና ለምሳው ትነሳለች። ተርቦ ሲያበቃ ጎመኑን መብላት ጀመረ። መለኪያውም ቁጥር መስጠት ጀመረ፤ ቁጥሩም እየወረደ መጣ።

ጥቁሩ ረገፈ። ከሥሩ ቀይ ሥጋ ወጣ፣ ጠርዙ ተሳበ፣ ቁስሉ ገጠመ። ሲስተር ሕሊና ጣቱን ተጭና አየችው። አላጨበጨበችም፤ ስኳሩ እንዳልሄደ፣ እንደማይሄድም፣ አመጋገቡ እንደ ድሮው ከሆነ ቁስሉ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም በአውራ ጣት እንደማያበቃ ነገረቻቸው። ከዚያ የሚቀጥለውን ታማሚ ጠራች። ተናኜ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን ተደገፈች። ደስ አላት፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም።

እንዳለው በሁለት እግሩ የቆመ ዕለት መጀመሪያ የሄደው የት ይመስላችኋል? ስለት ሊያስገባ አይደለም። መጋዘኑንም ሊከፍት አይደለም። በዚያው ባዳነችለት እግር፣ ሳያነክስ፣ መንደሩን አቋርጦ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ቤት ሄደና ሚስቱን ለሽማግሌ ከሰሳት።

ሽማግሌዎቹ በመሪጌታ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ዓባይነሽም ከደምበጫ ተጠርታ መጣች። እንዳለው ተነስቶ ቆመ፤ ሲቆም አግዳሚውን እንኳ አልያዘም። ዘመዶቹን ከበሩ እንደመለሰችበት፣ እንደ እብድ እንደ ቆለፈችበት፣ አገር መሳቂያ እንዳደረገችው ተናገረ። እህቱን ይቅርታ ካልጠየቀች ከዛሬ ጀምሮ ደምበጫ እህቱ ቤት እንደሚገባ አስታወቀ።

ተናኜ ተነስታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ጥቁሩ ጣት፣ ስለ ባሕር ዳሩ ወረቀት፣ ሲስተር ሕሊና ስላለቻት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። መስማት ያውቁበታል። ሲያበቃ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ልጄ፣" አሏት፣ "እግሩን ያዳነው እግዚአብሔር ነው። በሩን የዘጋሽው ግን አንቺ ነሽ።"

አግዳሚው ሁሉ አደነቀ። ፍርድ ማለት ይህ ነው ተባባሉ። ድንጋይ ተሸክማ እትዬ ዓባይነሽ እግር ላይ እንድትወድቅ ተወሰነ።

የተናኜ ደም ፈላ። "ይሂድ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ደምበጫ ይሂድ፤ ባልዲው ሥር ይቀመጥና ይጉረስ፤ እህቱ ደግሞ በክራንች ታሳድገው። አፏን ልትከፍት ስትል እግሩን አየችው። ደምበጫ ማን ይወጋዋል? ማን ያጥበዋል? ሌላ ክረምት ሳይመጣ ያ እግር የለም። ስንት ጠዋት በእጇ የያዘችው እግር ነው። እንዳለው ባያሳዝናት እግሩ አሳዘናት።

ድንጋዩን አንስታ ማጅራቷ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብላ ሄዳ ከዓባይነሽ ፊት ወደቀች። ዓባይነሽ ቶሎ "ይቅር" አላለችም፤ ሰው ሁሉ በደንብ እንዲያይላት ጠበቀች። እንዳለው ከእህቱ ጎን ቆሟል። ተናኜ ግንባሯ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እግሩ ዓይኗ ሥር ሆነ። ዝግ ጫማ አድርግ የተባለው ሰው ሰንደል አድርጎ መጥቷል! ጠዋት ሲታጠብ ሳያደርቀው ወጥቶ፣ በጣቶቹ መሀል የቀረው እርጥበት የመንገዱን አቧራ ይዞ ጭቃ ሆኗል። ጠባሳው አጠገብ፣ እዚያው ላይ።

"ተነሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አለች ዓባይነሽ በመጨረሻ።

ተናኜ አልተነሳችም። ድንጋዩን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው የባሏን እግር ያዘች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ጠረገ፤ የባሏን እግር ልትስም ነው አለ። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ትሕትና ማለት ይህ ነው፣ ሚስት እንዲህ ትሁን ብለው ምርቃታቸውን ጀመሩ፤ አግዳሚው አሜን አለ። እሷ ግን ምርቃቱን አልሰማችም። አውራ ጣቱን ከሁለተኛው ለያይታ በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀችው ነበር።