ቡላ ለምን ጨዋ ሆነ

ድመት በሁለት ሳምንት ጨዋ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የእኛ ቡላ ግን ሆነ። ያ የአልጋ ሥር ሽፍታ፣ እግር ባየ ቁጥር ዘሎ የሚቦጭቅ ጉድ፣ ሰሞኑን ማታ ገብቶ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። የአንድ ዓመት ልጄን የኢክራንን ተረከዝ ካደማ ወዲህ ባለቤቴ ሙዓዊያ «አንዴ ብቻ ይድገማት፣ ከዚህ ቤት ይወጣል» ብሎ ምሏል። እንግዲህ አልሃምዱሊላህ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ነሲባ ግን እንደዚያ አልተፈጠርኩም።

«የሆነ ሰው የሆነ ነገር እያበላው ነው» አልኩት።

«ማን?»

ማን ይሆናል! እኔ ልጄን እናቴ ጋ ጥዬ አምስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ። እዚህ ውቤ በረሃ ግቢያችን ውስጥ ቀን ቤት የሚውሉት እትዬ ለተኪዳን ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የክርስቲያን ሥጋ ነበር። ቧንቧው ጋ ቆሜ፣ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ድመቴን የሚያባልግ ሰው እጁን ይሰብስብ!» አልኩ። ኋላ ትዝ ሲለኝ ሁዳዴ ነው፤ እትዬ ቤት ሥጋ ከገባ ወር አልፎታል። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ሥጋ ካልሆነ ኪኒን ነዋ! እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው የሚውጧት ነጭ ኪኒን እንዳለቻቸው አውቃለሁ። ልጄ የምታቅፈውን ድመት!

ሐሙስ ዕለት ራሴን አመመኝ ብዬ ከሥራ ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ በእትዬ በር ቀዳዳ አጮለቅሁ።

በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጫፉ ላይ የዶሮ ላባ የታሰረበት ሲባጎ ይጎትታሉ። ላባው ምንጣፉ ሥር ይደበቃል፤ ብቅ ይላል፤ ቀጥ ይላል። ቡላ መሬት ላይ ተለጥፎ ቂጡን ያወዛውዛል። ዘሎ ሲይዘው «ጎሽ የኔ አዳኝ!» ብለው ለቀቁለት።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። «ምንድነው የሚሰጡት?»

ደንግጠው ተነሱ። «ኧረ ምንም! በማርያም! እግር ላይ የሚዘለው ማደን አምሮት እኮ ነው። እዚህ ከወጣለት ልጅቷን ይተዋታል ብዬ ነው። ባልሽ እጥለዋለሁ ሲል ሰምቼ አሳዘነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ክርስቲያን ቤት እንዳይገባ ትከለክይው ነበራ።»

ኧረ በፍጹም ልል ነበር። ውሸት መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እትዬ ቡላን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «በይ ውሰጂው፣ አልደግምም» አሉ።

መሬት ላይ ለቀቅኩት።

«እትዬ» አልኩ፣ «ከነገ ጀምሮ የቤቴን ቁልፍ እርስዎ ጋ ትቼ ነው የምሄደው።»